ሃያ ሰባት ቁጥር ሲጠራ

መስከረም 28

ለማከብርሽና ለምወድሽ አክስቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ በፈጣሪ ቸርነት ደህና ነኝ፤ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለኝ የለም ብዬ ብጽፍ ደስ ይልሽ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ ካልሽ ግን ከናፍቆትሽ ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ የዶርሙ ትኋን ነው።

ይኸው ኮሌጅ ገባሁ። አባዬ ሳጥኔን በገዛ እጁ ሠርቶ፣ በገዛ ትከሻው ተሸክሞ እስከ በሩ አደረሰኝ። ዘበኛው «ወላጅ እዚህ ያበቃል» ሲለው ሳጥኑን አስቀመጠና ማጠፊያውን ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘጋው። ማጠፊያው ምንም አልሆነም፤ እንባውን መደበቂያ ሥራ ፈልጎ ነው። ከዚያ «ምክር ካማረሽ እኔ የእንጨት ሰው ነኝ፤ እህቴን ጠይቂ። እዚሁ ግቢ አንድ ዓመት ተምራለች» አለኝ። ለምን በዓመቷ ተወችው ብዬ ብጠይቀው «ያ ድምፅዋ የጠፋበት ጊዜ ነው» አለና ወሬውን ቆረጠው።

ስለ ድምፅሽ እኔም የማውቀው ያንኑ ነው። ከሹክሹክታ በላይ እንደማይወጣሽ፣ ስልክ እንደማትደውዪ፣ ሐኪሞቹ ሁሉ ጉሮሮሽን አይተው «ምንም የለም» እንዳሉ። አባዬ እስከ ዛሬ እኔ ከጓዳ ስጣራው ይደነግጣል። «የእህቴ ድምፅ አንቺ ጋ ነው የቀረው» ይለኛል።

ክፍላችን አሥራ አራት ቁጥር ነው። ከበላዬ የምትተኛዋን ልጅ ሳቂታ እንላታለን፤ ሲቆጧትም ትስቃለች፣ ስታለቅስም ትስቃለች። ገና በሁለት ሳምንታችን ሳሙናችን አንድ ሆኗል። እዚህ ማንም በስሙ አይጠራም፤ ሁሉም በቁጥር ነው። እኔ ሃያ ስድስት ነኝ። ሳቂታ ከእኔ ኋላ ተሰልፋ ሃያ ስምንት ተባለች። «ሃያ ሰባት የት ሄደ?» ብትል የሬጅስትራሯ ሴትዮ ቀና ሳትል «እሱ አይሰጥም» አለቻት። ሳቂታ እስኪያማት ሳቀች።

በይ እትዬ፣ ምከሪኝ። ፍሬሽ ነኝና መንገዱም ሰዉም ገና ነው።

የወንድምሽ ልጅ


ጥቅምት 9

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለወንድሜ ልጅ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ፤ የገባሽበት ደጅ የበረከት ይሁንልሽ። ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ፣ የአሮጊቶቹን አንሶላ ዘርግቼ ሳበቃ አነበብኩት። እንደምታውቂው እዚህ ባሕር ማዶ ሥራዬ የአዛውንት መጦሪያ ውስጥ ነው፤ አሥራ ሁለት ክፍል፣ አሥራ ሁለት ሰው። ስለ ትኋኑ ያልሽውን አንብቤ ብቻዬን ስስቅ አንዷ ታማሚዬ «ይቺ ደግሞ ትስቃለች እንዴ!» አለች።

ምክር አልሽኝ። እንግዲህ ስሚኝ። ነጠላ ጫማሽን ለማንም አታውሺ፤ ሰው ተመልሶ ይመጣል፣ ነጠላ ጫማ ግን አይመጣም። ከካፌው ወጥ ቤቶች ጋር ተስማሚ፤ ዲኑ ቢጠላሽ ትኖሪያለሽ፣ ጭልፋ የያዘች ሴት ከጠላችሽ ግን አለቀልሽ። በመጀመሪያው ወር ሻወር ቤት ገብተሽ ማልቀስ ቢያምርሽ አልቅሺ፤ ከጎንሽ ያለችውም ውኃ የከፈተችው ለዚያው ነው። ፊት ወንበር ተቀመጪ። ያልገባሽን ነገር ገብቶኛል አትበዪ፤ እኔ ያልገባኝን ሁሉ ገብቶኛል እያልኩ ሒሳብ የጣለኝ ሴት ነኝ። ሲኒየር የሚሸጥልሽን የድሮ ኖት አትግዢ፣ በነፃ የሚሰጥ ሞልቷል። ፍቅር ከመጣም ይምጣ፤ ከፈተና በኋላ ይምጣ።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ ለይተሽ ያዢልኝ። ክፍል ውስጥ ቁጥር ሲጠራ ለራስሽ ብቻ መልሺ። ለጓደኛ አይሆንም። ለእህትሽም ቢሆን አይሆንም። ለምን አትበይኝ፤ ታላቅሽ ነኝና እሺ በይኝ።

ደግሞ እስቲ አንድ ነገር እይልኝ። ከልብስ ማጠቢያው ኋላ የድሮ መዝገብ ቤት ነበር፤ ዝቅ ብለው የሚገቡበት፣ አረንጓዴ በር ያለው። አሁንም አለ ወይስ አፍርሰውታል? እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው።

ጤና ሁኚልኝ፤ አምላክ ከክፉ ዓይን ይጋርድሽ።

አክስትሽ


ጥቅምት 24

ለውድ አክስቴ፣ ለምክር መጋዘኔ፤

ሰላምሽ ይብዛ። ነጠላ ጫማዬን ደብዳቤሽ ከመድረሱ በፊት ስላዋስኩት ይኸው በአንድ እግሬ ነው የምጽፍልሽ። ከወጥ ቤቶቹ ጋር ግን ወዳጅ ሆኛለሁ፤ ዳቦዬ ከሰው ሁሉ ይተልቃል።

በቁጥሩ ነገር አትቆጪኝ እንጂ ዘግይተሻል። እዚህ ለጓደኛ ያልመለሰ ሰው አይባልም። አምስት ቀን የቀረ ለፈተና አይቀመጥም፣ ስለዚህ እንተጋገዛለን። የታመመች ወይ እንቅልፍ የጣላት ልጅ «አፍሽን አውሺኝ» ትላለች፤ በማግስቱ ደግሞ ተራው ያንቺ ነው። እኔ ለሳቂታ ሦስት ጊዜ አውሻታለሁ፣ እሷም ለእኔ ሁለት። አፍ አላውስም ብላ እምቢ ያለችን ልጅ ክፍሉ በሙሉ አኩርፏታል። እንዲህ ነው ኑሮው፤ ምን ላድርግ?

በሩን አየሁልሽ። ሳቂታን ይዤ ሄድኩ። አረንጓዴው ቀለም ተላልጧል እንጂ አለ። መቀርቀሪያውን አንሥቼ ገፋ ሳደርገው ተከፈተ። ውስጡ መደርደሪያ፣ የድሮ መዝገብ፣ አንዲት ወንበር፤ ጥግ ላይ ቧንቧ ያንጠባጥባል። ሳቂታ «ላይብረሪው ገበያ ሆነ ብዬ ስማረር! ይሄማ ለጥናት የተፈጠረ ቦታ ነው» አለች። ምነው ግን ጠየቅሽኝ?

ሌላም ነገር አለ፤ ለሰው ብናገር ይስቅብኛል። ጠዋት ጠዋት የሚያስተምሩን ሽማግሌ አሉ፣ መነጽሬ እንላቸዋለን። ሲጠሩ ራሳቸውን ከመዝገቡ ቀና አያደርጉም። ያን የማይሰጠውን ቁጥር ግን እሳቸው ይጠሩታል። «ሃያ ስድስት»፤ አለሁ እላለሁ። «ሃያ ሰባት» ይሉና ይጠብቃሉ። ከዚያ «ሃያ ስምንት» ብለው ይቀጥላሉ። ሲኒየሮቹ «ሁልጊዜም እንዲህ ናቸው፣ እርጅና ነው» ይላሉ።

ባለፈው ማክሰኞ ግን «ሃያ ሰባት» ሲሉ ከኋላ አንዲት ልጅ «አለሁ» አለች። መነጽሬ ምልክት ሊያደርጉ ብዕራቸውን አነሡና መልሰው አስቀመጡት፤ ቀና ግን አላሉም። ሁሉም ዞር ብሎ ያየው እኔን ነው። «ምን ነካሽ፣ ሁለቴ ትመልሻለሽ?» አሉኝ። እትዬ፣ በአፌ ሙሉ ዳቦ ይዤ ነበር! ድምፁ ግን የኔ ነው፤ እኔም ሰምቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ትመልሳለች። ወደኋላ ስዞር የመጨረሻው ወንበር ባዶ ነው።

ያንቺው ፈሪ


ኅዳር 15

ለልጄ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አሥር ቀን አለፈው። አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀደድኩት። ይሄ አምስተኛው ነው፤ ይሄን ብቀድ ሰው አይደለሁም።

እኛም መነጽሬ ነበር የምንላቸው። ያኔ ፀጉራቸው ጥቁር ነበር፤ ያኔም ቀና ብለው አያዩም ነበር። እኔም እንዳንቺ ሃያ ስድስት ነበርኩ። ሃያ ሰባት ጓደኛዬ ነበረች። ከዶርማችን እሷን የመሰለ የለም፤ ብርድ ልብሷን ቆርጣ ግማሹን የሰጠችኝ ልጅ ናት። ስሟን አልጽፍልሽም፣ እጄ እምቢ ይለኛል።

አንድ ሐሙስ «ለነገ አፍሽን አውሺኝ፤ ጸጥ ያለ ቦታ አግኝቻለሁ፣ ተደብቄ ላጥና» አለችኝ። አዋስኳት። ማታ አልመጣችም። ቤቷ ሄዳ ይሆናል አልኩ፤ እናቷን ትወድ ነበር። በማግስቱም «ሃያ ሰባት» ሲባል «አለሁ» አልኩ። እንዳትባረርብኝ ብዬ። እንደ ውለታ ቆጠርኩት፤ ስትመጣ ሻይ ትጋብዘኛለች እያልኩ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አሥራ ዘጠኝ ቀን፤ ያኔ ጥሪው እሑድም አይቀርም ነበር።

የአረንጓዴው በር መቀርቀሪያ በሩ ሲገጠም ከውጭ በኩል ራሱ ይወድቃል። ከውስጥ እጀታ የለውም። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን መዝገብ ሊያስገባ የከፈተው ዘበኛ አገኛት። ሐኪሙ እስከ ስድስተኛው ቀን ድረስ ሳትኖር አትቀርም አለ። ልጄ፣ የግቢው ሕግ ሁለት ቀን የቀረ ተማሪ ይፈለግ ይል ነበር። እኔ ዝም ብል ኖሮ በሦስተኛው ቀን ይፈልጓት ነበር። በሕይወት ሳለች ስድስት ጠዋት «አለሁ» ብዬ ቀበርኳት።

እናቷ መጡና መዝገቡን አዩት። «ልጄ እስከ ትናንት ክፍል ገብታለች ይላል እኮ» አሉ። ከዚያ እኔን አዩኝ። «አንቺ ጓደኛዋ ነሽ፤ ምን ማለት ነው ይሄ?» አሉኝ። አፌን ከፈትኩ። ድምፅ አልወጣም። ከዚያን ቀን ጀምሮ አልወጣም። ድምፅዋ ጠፋ ይላል አባትሽ፤ የት እንደጠፋ ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ለዚህ ነው እዚህ አሥራ ሁለቱንም በር በየጠዋቱ የምከፍተው። ማንም ሰው በገዛ አፉ «አለሁ» ካላለኝ ደህና ነው ብዬ አልጽፍም። ጓደኞቼ «ነገረኛ» ይሉኛል።

የምትሰሚው ድምፅ ያንቺ አይደለም። የኔ ነው። እዚያው ቀርቶ እስከ ዛሬ ይመልስላታል።

አሁን ልመናዬ ይሄ ነው። ሳቂታን ከዚያ ቤት አርቂልኝ፤ እንዳትደርስበት። መንገዱን ያሳየኋት እኔ ነኝ። ምክንያቱን ደብቄ በሩን ብቻ ጠየቅሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

አክስትሽ


ኅዳር 21

ለውድ አክስቴ፤

ሰላም ነሽ ወይ? ደብዳቤሽ ዘገየብኝ፣ ተቀየምሽኝ እንዴ? በአፍ ማዋሱ ከሆነ ይቅርታ፤ የወጣትነት ነገር ነው።

የዛሬው አጭር ነው፣ ፈተና ደርሷል። ሳቂታ ከትናንት በስቲያ «አፍሽን አውሺኝ፣ ተደብቄ ላጥና» ብላኝ ወጣች፤ እስካሁን አልተመለሰችም። ሲኒየሮቹ «ፍቅረኛ ይዛ ነው» እያሉ ይስቃሉ። እኔም ቅር ብሎኛል፤ ለእኔ እንኳ ሳትነግረኝ! ለማንኛውም በየጠዋቱ እየመለስኩላት ነው፣ እንዳትቀጣብኝ። ስትመጣ ሻይ የምትጋብዘኝ እሷ ናት።

ያቺኛዋም መመለሷን አልተወችም። አሁን ሦስት ጊዜ ተከታትለን እንመልሳለን፤ ሃያ ስድስት እኔ፣ ሃያ ሰባት እሷ፣ ሃያ ስምንት እኔ። ሦስቱም አንድ ድምፅ ነው። የሚያስቅ ነገር ቢሆን ደስ ባለኝ።

የወንድምሽ ልጅ


ታኅሣሥ 1

ልጄ፣ ልጄ፤

የሰላምታ ጊዜ የለኝም። ደብዳቤሽን አሁን አነበብኩት። ሮጬ ወደ ስልክ ሄድኩ፤ የግቢውን ዘበኛ ቤት ቁጥር አባትሽ ልኮልኝ ነበር። ዘበኛው አነሳ። «ሃሎ! ሃሎ!» አለ። እኔ እተነፍሳለሁ። ጉሮሮዬን በእጄ ጨምቄ «በሩን ክፈቱ» ልል እታገላለሁ፤ ሹክሹክታዬ እንኳ ጠፍቶ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚወጣው። «ባለጌ!» ብሎ ዘጋብኝ። የሥራ ጓደኛዬን አስደወልኳት፤ የሷን ቋንቋ እሱ አይሰማ፣ የሱን እሷ አትሰማ።

ይሄን የምታነቢው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ። ያ የኅዳር 15ቱ ደብዳቤዬ ብቻ ቀድሞኝ ይድረስ። ሌላ ጸሎት የለኝም።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 4

ለአክስቴ፤

ከሁሉ በፊት፦ ሳቂታ ተርፋለች። አሁን ተነፍሺ። እስካሁን ያልጻፍኩት ሐኪም ቤት አልጋዋ ሥር እያደርኩ ነው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በወጣች በአራተኛው ቀን ጠዋት ነው። ክፍል ልገባ ስል ዘበኛው ሰጠኝ፤ ከመነጽሬ ኋላ ሾልኬ ገባሁና ከጠረጴዛው በታች ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ። እሳቸው መጥራት ጀምረዋል። አረንጓዴው በር ጋ ስደርስ ሳቂታ የት እንዳለች ገባኝ። «ሃያ ስድስት» አሉ። ሳላስበው «አለሁ» አልኩ። «ሃያ ሰባት»፤ ከኋላዬ «አለሁ» አለ፣ በጣም ቅርብ፣ ማጅራቴ ላይ። «ሃያ ስምንት» አሉ።

እትዬ፣ አፌ ተከፍቶ ነበር። ልማድ ክፉ ነው፣ «አ» ብዬ ነበር። ተነሥቼ ቆምኩና «የለችም!» አልኩ። «አራት ቀኗ ነው! እኔ ነኝ ስመልስላት የከረምኩት! የድሮው መዝገብ ቤት ናት!»

መነጽሬ ቀና አሉ። ዓይናቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። መዝገባቸውን በብብታቸው እንደያዙ፣ ያ ሽማግሌ ሰውዬ ከሁላችን ቀድመው ሮጡ። መቀርቀሪያውን ያነሡት እሳቸው ናቸው።

ሳቂታ ቧንቧው ሥር ተኝታለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ጥፍሮቿ ተላልጠዋል። ውኃው ነው ያኖራት። በሁለተኛው ቀን መናገር ስትጀምር ምን እንዳለችኝ ልንገርሽ? ሳልነግርሽ ብቀር በወደድኩ፤ ግን አንቺ ሁሉንም ነግረሽኛልና እኔም አልደብቅሽም። «በየጠዋቱ ሲጠሩ ይሰማኛል» አለችኝ። ከዚያ ቤት እስከ ክፍላችን ሦስት ሕንፃ አለ። «ሃያ ስምንት ሲሉ እዚህ ነኝ፣ አለሁ ብዬ እጮሃለሁ፤ አንቺ ቀድመሽ አለሁ ትያለሽ። አጠገቤ ያለችው ልጅም አይዞሽ፣ እኔንም እንዲህ ነው ያደረጉኝ አለችኝ።» የትኛዋ ልጅ ብላት ግድግዳውን አየች። ሳቂታ ከዚያ ወዲህ አልሳቀችም። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ እጄን ያዘችኝ።

መነጽሬ ኮሪደሩ ላይ ጠበቁኝ። «ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ። የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «እኔም ቀና ብዬ ባይ ኖሮ አንድ አፍ ለሁለት ሲመልስ አይ ነበር። በየዓመቱ ቁጥሩን ባዶ አስቀምጬ የምጠራው አንድ ሰው ተነሥቶ እውነቱን እንዲነግረኝ ነው» አሉ። በመዝገባቸው መጨረሻ የዚያን ዘመን ገጽ አጥፈው ይዘውታል። አሥራ ዘጠኝ ምልክት፣ በሃያ ሰባት ትይዩ። «እኔ መሰረዝ አልችልም። አለሁ ያለችው ራሷ የለችም ትበል» ብለው ላኩብሽ።

ድምፁ አሁንም ይመልሳል፤ ግን እየደከመ ነው።

የወንድምሽ ልጅ


ታኅሣሥ 15

ለልጄ፣ ለመካሪዬ፤

ዕድሜ ይስጥሽ፤ ያ ወንድሜ የወለደሽ ቀን ይባረክ። «ተርፋለች» የሚለውን ቃል አንብቤ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አሮጊቶቼ ከየክፍላቸው ወጥተው ራሴን ሲያሻሹኝ ዋሉ።

ለዚያች ጓደኛዬ እናት ጻፍኩላቸው። በሕይወት ካሉ ይድረሳቸው፤ ይርገሙኝም፣ ይገባኛል። ሁሉንም ጽፌያለሁ፣ አሥራ ዘጠኙንም ጠዋት።

መነጽሬን ንገሪልኝ። ሰኞ ታኅሣሥ 24፣ በጥሪው ሰዓት፣ ዘበኛው ቤት እደውላለሁ። ዘበኛው እንዳይሰድበኝ አደራ። ድምፅ እንደማይወጣኝ ታውቂያለሽ። ባይወጣኝም እደውላለሁ።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 24

ለአክስቴ፤

ስልኩን ከዘጋሽ ገና ሰዓት አልሞላም፤ ሆኖም ከዚህ በኩል የሆነውን አላየሽምና ልጻፍልሽ።

መነጽሬ መዝገቡን ይዘው ወደ ዘበኛው ቤት ሲሄዱ ክፍሉ በሙሉ ተከተላቸው። ሳቂታም በእኔ ትከሻ ተደግፋ መጣች። ዘበኛው «እንዲህ ያለ ጉድ አይቼ አላውቅም» እያለ ወንበሩን ለቀቀላቸው። ስልኩ ጮኸ። መነጽሬ አነሡና የድሮውን ገጽ ከፈቱ። ከመጀመሪያው ቁጥር ጀምረው ጠሩ፣ አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱን ቁጥር እየጠበቁ። እኛ እናንተ አይደለንምና ማንም አልመለሰም።

«ሃያ ሰባት» አሉ።

ትንፋሽሽ ተሰማን። ረጅም ጊዜ ትንፋሽሽ ብቻ። ዘበኛው እንኳ ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ «የለችም» አልሽ። በሹክሹክታ አይደለም፤ ጮክ ብለሽ፣ ውጭ ያሉት ሁሉ እስኪሰሙ። ሁሉም እኔን አየኝ። እኔ አፌን በሁለት እጄ ይዤ ነበር።

መነጽሬ አሥራ ዘጠኙን ምልክት አንድ በአንድ ሰረዙ። ከዚያ ወደ ክፍል ተመለስንና የኛን መዝገብ ጠሩ። ሃያ ስድስት ሲሉ አለሁ አልኩ። ሃያ ሰባት ላይ ጠበቁ፤ ከኋላ ማንም አልመለሰም። ዞር ብዬ አየሁ፣ ወንበሩ እንደ ማንኛውም ወንበር ነው። ሃያ ስምንት አሉ። ሳቂታ ተነሥታ ቆመችና በገዛ አፏ መለሰች።

ይሄ በደረሰሽ ማታ አባዬ ጋ ደውዪለት። እንዳይደነግጥ መጀመሪያ አንቺ መሆንሽን ንገሪው፤ እኔ ይመስለዋል።

የወንድምሽ ልጅ